ቁመት የለንም፤ ክብደት ብቻ

ከጦር ኃይሎች የሚመጣው ሚኒባስ አዲስ አበባ ቤቴል ሰፈር ሲያራግፈን፣ መቆሚያው ዳር ካርቶን አንጥፎ የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለ። ፊት ለፊቱ አቧራ እንዳይገባው በላስቲክ የተጠቀለለ ሚዛን፣ ከጎኑ ማስቲካና ሶፍት ይደረድራል። «ይመዘኑ» ይላል፣ ድምፁን ብዙም ሳያነሳ። ባለፈው ሰሞን ቦርሳዬን አስይዤው ጫማዬን አውልቄ ወጣሁበት። ቀስቷ ትንሽ ስትወዛወዝ ቆይታ 84 ላይ ቆመች።

«እንዴት ነው፣ ጥሩ ነው?» አልኩት።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ሆዴ ላይ ጥቂት ቆየ። «ያው እንደ ሰዉ ነው» አለኝ።

«ቁመትስ አትለካም?»

«ቁመት የለንም፤ ክብደት ብቻ ነው።»

መልሱ እስከ ቤቴ አብሮኝ ሄደ። ልጁ ሳያስበው የነገሩን ሥር ነክቶታል። 84 ኪሎ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ለረጅሙ ሰው ልኩ ሊሆን ይችላል፣ ለአጭሩ ሸክም ነው። ቁመት ሲገባበት ግን ቁጥሩ አፍ ያወጣል። ስሌቱ ሰባተኛ ክፍል ያለ ልጅ የሚሠራው ነው፤ ቁመትን በሜትር ይዞ በራሱ ማባዛት፣ ከዚያ ክብደትን በኪሎ ለውጤቱ ማካፈል። ቁመቴ 1.72 ሜትር ነው። 1.72 በ1.72 ሲባዛ 2.96 ገደማ ይመጣል፤ 84 ለዚያ ሲካፈል 28.4። ሐኪሞቻችን «ቢኤምአይ» የሚሉት ይኸው ነው፤ በአማርኛ የክብደትና የቁመት ምጣኔ ብንለው አያስከፋም። ከ18.5 በታች የሆነ አዋቂ ከስቷል ይባላል፤ ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ጤናማ ክብደት ላይ ነው፤ ከ25 እስከ 29.9 ክብደቱ ከልክ አልፏል፤ 30 የደረሰና ያለፈ ከመጠን ያለፈ ውፍረት አለበት። በእኔ ቁመት ጤናማው ከ55 እስከ 74 ኪሎ ድረስ ያለው ነው። አሥር ኪሎ ትርፍ ይዤ ነበር ለካ ታክሲ የምጋፋው።

ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ማን አወጣው? ለማንስ ተብሎ? ነገሩን ወደ ኋላ ስከተለው ቤቴል ላይ ከተቀመጠው ሚዛን ይልቅ የሚያስገርመኝ የመንገዱ ጠመዝማዛነት ሆነ።

ሀገራችን ሚዛን ለማወቅ ፈረንጅ አልጠበቀችም። ወርቅ በወቄት፣ ቅቤና ማር በነጥር፣ ቡና በፈረሱላ ይመዘን ነበር። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ገደማ ነው። ሰው ግን ሚዛን ላይ አይወጣም ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሁሉ ሚዛን ላይ ወጥቶ ቀልሎ የተገኘውን የባቢሎኑን ንጉሥ ብልጣሶርን ያስታውሳል፤ ምናልባት ከዚያ ወዲህ ሰው መመዘኑን እንደ ፍርድ ሳንቆጥረው አልቀረንም። ሰውን የምንመዝነው በዓይን ነበር፤ የዓይናችንም መሥፈሪያ የራሱ ቃላት አሉት። «ሥጋ ለበሰች»፣ «ወዙ ተመለሰ»፣ «ተመችቶሃል»፣ «አማረብሽ» ማለት ከምስጋና ይቆጠራል። «ምነው ከሳህ?» ማለት ግን የኀዘኔታ ጥያቄ ነው፤ ታመህ ነው ወይ፣ ሰው ሞተብህ ወይ፣ ቸገረህ ወይ ማለት ነው። ቦርጭ ራሱ የሹመትና የሀብት ምልክት ሆኖ ብዙ ዘመን ኖሯል።

በዚህ መፍረድ አይገባም። ከብቱን በሽታ ጨርሶት፣ ዝናቡ ቀርቶ፣ አንበጣና ተምች የቀረውን ጠራርጎት ሕዝብ ያለቀበት ክፉ ቀን በ1880ዎቹ መጀመሪያ የደረሰ ነው። የቅድመ አያቶቻችን ዘመን ነው ማለት ነው። ያንን በቃል የወረሰ ሕዝብ ወፍራም ሰው ሲያይ በሽታ አይታየውም፤ የሚታየው ጎተራ ነው።

አሁን ወደ ብራሰልስ እንሻገር። አዶልፍ ኬትሌ እ.ኤ.አ. በ1796 በጌንት ከተማ የተወለደ ቤልጅየማዊ የሥነ ፈለክና የሒሳብ ሰው ነው። የብራሰልስን የከዋክብት ማጥኛ ማዕከል አቋቁሞ መርቷል። ሐኪም አልነበረም፤ ስለ ውፍረትም አልተጨነቀም። የከዋክብትን እንቅስቃሴ በቁጥር የሚገዛ ሕግ ካለ የሰው ልጅንም የሚገዛ መኖር አለበት ብሎ ያመነ ሰው ነበር። ስለዚህ ልደትን፣ ሞትን፣ ወንጀልን፣ ቁመትንና ክብደትን እየሰበሰበ መካከለኛውን ሰው ፍለጋ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1835 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ያደጉ ሰዎች ክብደት ከቁመታቸው ጋር የሚሄደው በቁመቱ ካሬ ልክ መሆኑን ጻፈ። ሌላ ነገር አላለም። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ ዳግማዊ ራስ ዓሊ ተቀምጠዋል። ቀመሩ የተወለደው የቤልጅየም ሰዎችን ለመግለጽ ነው፤ ማንንም ለማከም አልነበረም።

ክብደትን ከሞት ጋር መጀመሪያ ያገናኙት ደግሞ ነጋዴዎች ናቸው፤ የአሜሪካ የሕይወት መድን ድርጅቶች። ለማን ውድ፣ ለማን ርካሽ ውል እንደሚሸጡ ለማወቅ የደንበኞቻቸውን ቁመት፣ ክብደትና የሞት ዕድሜ መዝግበው ነበር። ሜትሮፖሊታን ላይፍ የተባለው የኒው ዮርክ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ኋላም በ1959 «ተመራጭ ክብደት» የሚል ሠንጠረዥ አወጣ፤ የሐኪም ቤቶችም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሠንጠረዡ ሰውን አጥንተ ቀጭን፣ መካከለኛና ግዙፍ እያለ ይከፍላል፤ የትኛው እንደሆንክ የሚነግርህ ግን የለም።

ይህን ያልወደደው አንሰል ኪስ ነው። ኪስ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነው፤ ታሪኩ ለእኛ ቅርብ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ በረሃብ የተጎዳውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መመገብ እንደሚገባ ለማወቅ፣ ውጊያን በህሊናቸው ያልተቀበሉ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለወራት በግማሽ ረሃብ አኑሮ አጥንቷል። ሰው ሲከሳ ሥጋው ብቻ እንደማይጎድል፣ ጠባዩ፣ ሕልሙ፣ ቀልዱ ሳይቀር እንደሚጎድል የጻፈ እሱ ነው። ይኸው የረሃብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ከባልደረቦቹ ጋር ከአሜሪካ፣ ከፊንላንድ፣ ከኢጣሊያ፣ ከጃፓንና ከደቡብ አፍሪካ የተሰበሰበ ከ7,400 በላይ ወንዶች ልኬት አገላብጦ፣ የኬትሌ አሮጌ ቀመር ከሌሎቹ የተሻለ ካልሆነም የማያንስ መሆኑን አሳየ፤ ዛሬ የምናውቀውንም ስም አወጣለት። ሴት አንድም አልነበረችበትም። ኪስ ራሱ ቀመሩ ሙሉ በሙሉ እንደማያጠግብ ሳይሸሽግ ጽፏል፤ ለብዙ ሕዝብ ጥናት ይበቃል ነው ያለው። በኋላ የመጣው ዓለም ማስጠንቀቂያውን ጥሎ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ሄደ።

የድንበሮቹ ነገር ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። 25 የሚለው ጣሪያ ከሰማይ የወረደ ይመስለን ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 1998 ድረስ ክብደቱ አልፏል የሚባለው ወንድ 27.8፣ ሴት 27.3 ሲደርሱ ነበር። በዚያ ዓመት ድንበሩ ለሁሉም ወደ 25 ሲወርድ፣ አንድ ግራም ያልጨመሩ ሚሊዮኖች ባደሩበት ወፍራም ሆነው ተነሱ። ጣሪያውን ያቆሙት የጠገቡ ሀገሮች መዝገቦች ናቸው። ወለሉን፣ ማለትም 18.5ን፣ ያነጠፈው ግን የረሃብ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሦስት ተመራማሪዎች፣ ፊሊፕ ጄምስ፣ አና ፌሮ ሉዚና ጆን ዋተርሎው፣ የአዋቂ ሰው ሥር የሰደደ የጉልበት እጦት በምን ይታወቅ ብለው መሥፈሪያ አወጡ። ፌሮ ሉዚ በኢትዮጵያ ገጠር ሴቶች ላይ የሠራችው ጥናት አለ፤ ክረምት ሲገባና ጎተራው ሲራቆት ሴቲቱ እንዴት እንደምትቀንስ፣ አዝመራ ሲገባ እንዴት እንደምትመለስ የሚመረምር። ያን የገጠር እናቶቻችን ያለ ሚዛን ያውቁት ነበር፤ ነሐሴ ላይ ቀለበት ይሰፋል።

እኛ ዘንድ ሰው በመንግሥት ሚዛን ላይ መውጣት የጀመረው በረሃብ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት የሥነ ምግብ ኮሚቴ ቡድን መጥቶ ከጤና ጥበቃ ጋር ሆኖ በየክፍለ ሀገሩ ወታደርም ሲቪልም መዝኗል። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን እርዳታ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ፤ በስድስት ዓመቱ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ዛሬ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚባለው ውስጥ ይገኛል። ያ ክፍል ከሠራቸው ሁሉ በየቤቱ የቀረው ፋፋ ነው፤ የልጆች ዱቄት። የስም አወጣጡን ልብ በሉ። «ልጁ ፋፋ» ስንል አደገ፣ ወፈረ፣ ወዝ አወጣ ማለታችን ነው። መንግሥት ያሠራው የመጀመሪያው ትልቅ የሥነ ምግብ ውጤት ስሙ «ወፍር» እንደማለት ነበር። በዚያ ዘመን ከዚህ የበለጠ የጤና ምኞት አልነበረም። እኔም በእሱ ነው ያደግሁት፤ ቆርቆሮው ሳይሆን ካርቶኑ፣ ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

ከዚያ 1966 መጣ፤ ወሎ አለቀ፤ ንጉሡም ተከትለው ሄዱ። 77 ደግሞ ኮረምን ለዓለም ሁሉ አሳየ። መጠለያዎች ውስጥ ሰው በሚዛንና በክንድ መለኪያ እየታየ ማን ዛሬ እንደሚመገብ፣ ማን ነገ እንደሚጠብቅ ይወሰን ነበር። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያላት የክንድ መለኪያ ዛሬም በየጤና ኬላው አለች። የኛ ሰው ሚዛንን ያወቀው እንዲህ ነው፤ የጎደለን ለማየት። ስለ ትርፍ የጠየቀ አልነበረም።

ሌላም ዘመን አለ፣ ብዙ ሰው መናገር የማይወደው። ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1984 ከታወቀ በኋላ፣ በተለይ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በእኛ አቆጣጠር፣ መክሳት ወሬ ሆነ። ሰው በወባ ወይም በኀዘን ጥቂት ኪሎ ከቀነሰ ጎረቤት በዓይኑ ይጠቃቀስበት ነበር። ያን ጊዜ ሆን ብሎ የወፈረ ሰው አውቃለሁ። መድኃኒቱ በ1997 በነፃ መሰጠት ሲጀምር የተመለሰው ሥጋ ለብዙ ቤተሰብ የምሥራች ነበር። ለዚህ ነው ለአንዲት የአዲስ አበባ እናት «ክብደት ቀንሺ» ማለት፣ ሐኪሙ እንደሚያስበው ቀላል ትእዛዝ ያልሆነው። ትእዛዙ የሚጋጨው ከሆዷ ጋር አይደለም፤ ከትዝታዋ ጋር ነው።

ቁጥሮቹ በዚህ መሐል ዝም ብለው ተንቀሳቀሱ። በ1992 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች ከመቶ 30ዎቹ ከ18.5 በታች ነበሩ፤ ከ25 በላይ የሆኑት ከመቶ 3 ብቻ። በ2008 የከሱት ወደ 22 ወርደው፣ ክብደታቸው ያለፈው 8 ደረሱ። ወንዶቹ ከሴቶቹ ይብሱ ነበር፤ በዚያው ዓመት ከሦስት ወንድ አንዱ ከሲታ ነበር። አማካዩ ግን ይሸፍናል። ክብደቷ ያለፈ ሴት በገጠር ከመቶ 4፣ በከተማ 21 ነበረች። አንድ ሀገር ሁለት ሚዛን ይዛለች፤ አንዳንዴ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ሁለቱም የሚገኙት፤ ከገጠር የመጣችው ሠራተኛ ከሲታ፣ እመቤቷ የደም ግፊት ክኒን የምትውጥ። ስለ ግፊት ካነሳን፣ በዚያው ሰሞን የተደረገ ሌላ ሀገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች ከመቶ 16 ገደማ ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ አብዛኞቹም ተለክተው አያውቁም።

ቤቴልን ለዚህ ምስክር ባደርጋት አላግባብ አይሆንም። ከኮልፌ ቀራንዮ ሰፈሮች አንዷ ናት፤ በአንድ በኩል ጦር ኃይሎች፣ በሌላው አየር ጤና፣ ወዲያ ወይራ ሰፈርና ዓለም ባንክ። አየር ጤና! አንድ ሰፈር እንዲህ ያለ ስም ይዞ ጭስ የሚጠጣው እዚህ ከተማ ብቻ ይመስለኛል። ብዙም ሳይርቅ ዘነበወርቅ ላይ አለርት አለ፤ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለአፍሪካ ሁሉ የማሠልጠኛ ማዕከል የሆነው፣ ዛሬ አጠቃላይ ሆስፒታል ነው። የሰፈራችን የጤና ታሪክ ከሥጋ ደዌ ወደ ስኳር መሸጋገሩን በአንድ ግቢ አጥር ላይ ማየት ይቻላል።

ታዲያ ቤቴል እንዴት ወፈረች? ማንም አስቦ አላደረገውም። የከተማ ባቡሩ በ2008 ሥራ ሲጀምር የምዕራቡ መስመር ጦር ኃይሎች ላይ አበቃ። ከዚያ ወዲህ ያለውን፣ በእግሩ ሊሄደው የሚችለውን መንገድ፣ ሰው በሚኒባስ ይሄደዋል፤ ሰልፉ ላይ ቆሞ የሚያጠፋው ጊዜ በእግሩ ቢሄድ ያደርሰው ነበር። እኔንም ይጨምራል። ዝናብ፣ ጭቃ፣ የተቆፈረ መንገድ፣ የምሽት ስጋት እያሉ ደግሞ ሂዱ ብሎ መስበክ ይከብዳል። ወጡ የሚሠራበት ዘይት ከሸማቾች ሱቅ የሚገኘው የረጋ ዘይት ሆነ። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ አንድ ሻይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል፤ በቀን አራት ሻይ ይሁን ብንል አሥራ ሁለት ማንኪያ ነው፣ ማንም ምግብ ብሎ የማይቆጥረው። ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ውስጥ መጠመቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ያኔ የሠርግና የገና መጠጥ ነበር፤ ዛሬ ፓስታ በሥጋ ከታዘዘ አብሮ ይቀርባል። ጤፍ ሲወደድ እንጀራው በሩዝ ተቀላቀለ፣ ቁርሱ ነጭ ዳቦ ሆነ። ድህነትም ያወፍራል። ይህን ነው ከሁሉ ይልቅ ሰው ማመን የሚያቅተው።

ጾሙ አያድንም ወይ የሚል አይጠፋም። የኦርቶዶክስ ጾም በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይደርሳል፤ ዘይት የጠጣ ቃተኛና ድንች በዳቦ እየበሉ መጾም ግን ሆድን ከሥጋ እንጂ ከጉልበት ምግብ አይለየውም። የፋሲካ ለታውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ወደ 28.4 ልመለስ። ይህ ቁጥር ስለ እኔ ምን ነገረኝ? ስብ ይሁን ጡንቻ አልለየም። የት እንዳለ አልጠቆመም። ሰው ሲያረጅ ጡንቻው ቀልጦ ስብ ሲተካ ሚዛኑ ላይ ለውጥ ላይታይ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት በዚህ አትለካም። ሯጮቻችንን ብንወስድ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ በውድድር ዘመኑ 1.65 ሜትርና 56 ኪሎ ነበር ይባላል፤ ሲሰላ 20.6 ነው፤ ብዙ ሥራ ፈት ወጣትም እዚያው ቁጥር ላይ ይገኛል። ልባቸውን ግን ማን ያወዳድራል?

የሰውነት ቅርጽም አለ። ጋምቤላ ላይ የሚኖሩ ኑዌርና አኝዋክ፣ ረጅም እግርና አጭር የላይ አካል ያላቸው አርብቶ አደሮችም፣ ምግብ ሳይጎድላቸው ከ18.5 በታች ሊወርዱ ይችላሉ። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። እግር ከደረትና ከሆድ ይልቅ ለቁመቱ ቀላል ነው፤ ቁመቱ በእግር ሲጨምር ካሬው ያድጋል፣ ኪሎው አይከተለውም። በዚህ ሀገር እርዳታ ለማን ይድረስ የሚለው ክርክር ውስጥ ይህ የቅርጽ ጉዳይ በሕፃናት ልኬት ላይ ሳይቀር ተነስቶ ያውቃል። የቤልጅየሙ መካከለኛ ሰው ወደ ባሮ ወንዝ ሲወርድ መካከለኛ አይደለም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ለእስያ ሰዎች አደጋው ቀድሞ እንደሚጀምር ታይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም ጤና ድርጅት የጠራቸው ባለሙያዎች 23ን እንደ ማስጠንቀቂያ ነጥብ አስቀምጠውላቸዋል። ለእኛስ? ለኢትዮጵያውያን ተብሎ የተለየ ድንበር የለም። ግን የሚያሳስቡ ምልክቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር በሽታ የለም ማለት ይቻል ነበር፤ ጥቂት ዓመታት በነጭ ዱቄትና በተቀመጠ ኑሮ ሲያልፉ በሽታው በፍጥነት ተስፋፋ፤ ያውም ብዙ ባልወፈሩ ሰዎች ላይ። ከጎንደር የተራራ መንደር ወደ ፎቅ ቤት በአንድ ሌሊት በረራ መሄድ እኛ በሠላሳ ዓመት የምንሄደውን መንገድ ማሳጠር ነው።

ጎንደር ላይ ራሱ ሐኪሞች ከዚህም የሚያስገርም አይተዋል። ገጠር ውስጥ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የስኳር ሕሙማን ብዙዎቹ ድሃ፣ ወጣትና እጅግ ከሲታ ወንዶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 በምግብ እጥረት የሚመጣ ስኳር የሚል ዓይነት መዝግቦ ነበር፤ በ1999 ሰረዘው። የጎንደር ሐኪሞችና አጋሮቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ጉዳዩ እንደገና ይከፈት ብለው ጻፉ። ከብዙ ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት አምስት» ብሎ እውቅና ሰጠው። ስለዚህ «ቀጭን ነኝ፣ ስኳር አይነካኝም» የሚለው የታክሲ ውስጥ ክርክር፣ የሀብታም በሽታ የሚለውም ስም፣ በጎንደር ገበሬ ፊት አይቆሙም።

ሐኪሞቹም ቁጥሩን ብቻውን ማመን ትተዋል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ምጣኔው ጉድለት እንዳለበት በውሳኔ አስፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ከብዙ ሀገር የተውጣጡ ባለሙያዎች፣ ውፍረት በሽታ ነው ለማለት ወገብ ወይም ስቡ ራሱ ይለካ፣ አካል መጎዳቱም ይታይ ብለዋል። ይሁን እንጂ እኔ ቁጥሩን ጣሉት ከሚሉት አይደለሁም። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፤ ሚዛንና ሜትር ይበቃዋል። ለሀገር ጥናት የተሻለ አልተገኘም። ለአንድ ሰውም ቢሆን እንደ በር ማንኳኳት ይጠቅማል፤ ማን እንዳለ ለማወቅ ግን በሩን መክፈት ያስፈልጋል። እኔን 28.4 ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ነርሷ ግፊቴን ለካች፣ ጣቴን ወግታ ስኳሬን አየች። «ሲስተር፣ ስንት ልቀንስ?» ስላት ስለ አሥሩ ኪሎ አላነሳችም። «በመጀመሪያ አራት አምስት ኪሎ ይበቃሃል፤ እሱም ለግፊትህ ብዙ ነው» አለችኝ። ከክብደት ከመቶ አምስት እንኳ መቀነስ ግፊትንና ስኳርን እንደሚያሻሽል የታወቀ ነው። ከዚያ ሜትር አውጥታ ወገቤን ጠመጠመችኝ። ወንድ 94 ሴንቲ ሜትር፣ ሴት 80 ካለፉ አደጋው ይጨምራል፤ 102ና 88 ላይ ይብሳል። የኔን እዚህ አልጽፈውም።

ከከተማው አንድ ነገር ይመሰገን ከተባለ መንገዱን ለእግር መልቀቁ ነው። ታላቁ ሩጫ በ1994 ሲጀመር ሩጫ የአትሌት ሥራ ነበር፤ ዛሬ ቦርጫም የሒሳብ ሠራተኛ ቲሸርቱን ለብሶ ይወጣል። ኅዳር 30 ቀን 2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና የተዘጉ ዕለት፣ አስፋልት ላይ ልጆች ኳስ ሲራገጡ አይቻለሁ። በ2014 የወጣው የመጀመሪያው ሀገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያም አለ፤ ጥራጥሬና አትክልት ፍራፍሬ ብሉ፣ ስኳር፣ ጨውና ቅባት ቀንሱ፣ ተንቀሳቀሱ ይላል። መመሪያው ጥሩ ነው፤ የሙዝ ዋጋ ግን አላነበበውም።

ሜትር ለሌለው ቤት አንድ ዘዴ አለ፣ እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ2022 በመመሪያቸው ያስገቡት፤ ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ አይለፍ የሚል። ቁጥር ማንበብ አያስፈልግም። ክር በቁመትህ ልክ ትቆርጣለህ፣ ለሁለት ታጥፋለህ፣ እምብርትህ ላይ ታዞረዋለህ። ከገጠመ መልካም። ይህን ለጎረቤቴ ለእማማ አሳየኋቸው፤ ቡና ቀርቦ ነበር፣ ፈንዲሻው ስኳር ተነስንሶበታል። ቆመው ከራሳቸው እስከ ተረከዛቸው ክር ለካሁላቸው፣ አጠፍኩት፣ በቀሚሳቸው ላይ መቀነታቸው በሚታሰርበት አዞርኩት። ከፊት አንድ ስንዝር ያህል ጎደለ።

እማማ ቁልቁል ወደ ክሩ አዩ። «ክርህ አጭር ነው ልጄ» አሉኝና ተቀመጡ። «ይልቅ ምነው ከስተሃል? ጠጋ በል፣ ሁለተኛው ነው፣ ጠጣ።»